አብደላ ፊልቢ፦ የዐረብን ምድር ከፍታ የለካው ሰው

በዚህ እትማችን የምናቀርበው የአንድ እንግሊዛዊ የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው የእኛ ጀግና አይደለም፤ ሥራውንም ሁሉ እናመሰግናለን ማለታችን አይደለም። ታሪኩን እንድናነሣ ያደረገን በመካከላችን ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር ነው። በሪያድ ከተማ የምንኖር ሁሉ የሳምንቱ ዕረፍት ሲደርስ ወደ አሸዋው ክምርና ወደ ጡወይቅ ገደል አፋፍ የሚጎርፉትን መኪናዎች እናያለን። ከነዚህም ብዙዎቹ ከሾፌሩ ፊት ሁለት ትናንሽ መለኪያዎች አሏቸው። አንደኛው መኪናው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይነግራል። ሁለተኛው መኪናው ወደ ጎን ወይም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስንት ዲግሪ እንዳዘመመ ያሳያል። አንዳንዶቻችን እነዚህ መለኪያዎች ለገበያ የተለጠፉ ጌጦች ናቸው እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ነፍስ ያድናሉ እንላለን።

ክርክሩን በሻጭ ወሬ ከመፍታት ይልቅ መለካትን የዕድሜ ልክ ሥራው አድርጎ በዚሁ ምድር ላይ አርባ ዓመት ያህል የተንከራተተውን ሰው ሕይወት መመርመር ይሻላል ብለን አሰብን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሃሪ ሴንት ጆን ፊልቢ የተወለደው በ1885 ዓ.ም. ያን ጊዜ ሲሎን ትባል በነበረችው በዛሬይቱ ስሪላንካ፣ ባዱላ በምትባል ከተማ ነው። በእንግሊዝ አገር በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በሕንድ የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1915 ወደ ሜሶፖታሚያ፣ ማለት ወደ ዛሬይቱ ኢራቅ ተላከ። ዐረብኛን ጠንቅቆ ያወቀውና የዐረብን ፖለቲካ ከቅርብ ያየው በዚያ ነው።

በ1917 መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት በነጅድ ይገዙ ወደ ነበሩት ወደ አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ መልእክተኛ አድርጎ ላከው። ፊልቢ ከባሕረ ሰላጤው ዳር ከኡቀይር ተነሥቶ በግመል ወደ ሪያድ ገባ። ሪያድ ያን ጊዜ በጭቃ ግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ነበረች። ፊልቢ የተላከበትን ጉዳይ ከተነጋገረ በኋላ በመጣበት አልተመለሰም። ወደ ምዕራብ ተጉዞ በዓመቱ መጨረሻ ጅዳ ደረሰ፤ በዚህም ልሳነ ምድሩን ከባሕር እስከ ባሕር አቋረጠ። ለጉዞው ሥራ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1920 የወርቅ ሜዳይ ሸልሞታል።

ለጉዳያችን የሚጠቅመን ሜዳዩ ሳይሆን ሰውየው በጉዞው ላይ ያደርግ የነበረው ነገር ነው። ሌሎቹ መንገደኞች በግመል ላይ ሲያንቀላፉ ፊልቢ ኮምፓሱን፣ የሙቀት መለኪያውንና አኔሮይድ ባሮሜትሩን እያየ በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፍ ነበር። አኔሮይድ ማለት አየር የተመጠጠለት ስስ የብረት ቆርቆሮ ሣጥን ነው። የውጭው አየር ሲከብድ ሣጥኑ ይጨመቃል፣ ሲቀል ይነፋል፤ መርፌውም ይህንኑ ተከትሎ ይዞራል። መሣሪያውን በ1844 የፈለሰፈው ሉሲየን ቪዲ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ መርፌው ከፍታን ይነግራል። በብዙ መኪናዎች ላይ የተገጠመው የከፍታ መለኪያም በመሠረቱ ይኸው የፊልቢ መሣሪያ ነው።

ለመሆኑ ይህ መርፌ ምን ጠቀመው? ከሪያድ ወደ ጣይፍ በመኪና የሄደ ሰው እንደሚያውቀው መንገዱ ለዓይን ሜዳ ይመስላል። ነገር ግን ሪያድ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ስትሆን ጣይፍ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አንድ ሺሕ ሜትር ሙሉ ወጥተን ሳናውቀው እንቀራለን። ዓይን ቀስ ያለ ዳገትን አያይም፤ መርፌው ግን ያያል። ከፍታን እየመዘገበ አገሩን ያቋረጠ ሰው የዐረብ ልሳነ ምድር አንድ ወገኑ እንደ ተነሣ ገበታ መሆኑን ይረዳል። በቀይ ባሕር በኩል ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ወደ ምሥራቅ ቀስ በቀስ እየዘቀዘቀ እስከ ባሕረ ሰላጤው ይወርዳል። እንደ ዋዲ ሐኒፋና ዋዲ ደዋሲር ያሉት ደረቅ ወንዞች ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርዱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢያችን ስለ አገሩ ቢያስብ ይገባዋል። የእኛም ደጋ እንደዚሁ ነው፤ የተገላቢጦሽ ብቻ። በምሥራቅ በኩል ከአፋር ቆላ ቀጥ ብሎ ይነሣና ወደ ምዕራብ ወደ ሱዳን ይዘቀዝቃል፤ ተከዜና ዓባይም ወደዚያው ይፈስሳሉ። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ቀይ ባሕር መሰንጠቅ የጀመረው ከዛሬ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ባሕሩ የከፈላቸው ሁለቱ ደጋዎች አንድ ምድር ነበሩ።

ወደ ፊልቢ ታሪክ እንመለስ። ከ1921 እስከ 1924 በትራንስጆርዳን የእንግሊዝ መንግሥት ዋና እንደራሴ ነበር። ከአለቆቹ ጋር ስላልተስማማ ሥራውን ለቀቀና ወደ ጅዳ መጥቶ ነጋዴ ሆነ። የፎርድ መኪናዎች ወኪል ነበርና በዚያን ዘመን በዐረብ በረሃ ከሮጡት መኪናዎች ብዙዎቹ በእርሱ ድርጅት በኩል የገቡ ናቸው። በ1930 እስልምናን ተቀበለ፤ ንጉሡም አብደላ የሚል ስም ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ከንጉሡ አማካሪዎች አንዱ ሆኖ ኖረ።

የልቡ ምኞት ግን ሩብ አል ኻሊ የተባለውን ታላቅ የአሸዋ በረሃ ማቋረጥ ነበር። የንጉሡን ፈቃድ ሲጠባበቅ በርትራም ቶማስ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ በ1931 መጀመሪያ ቀድሞት አቋረጠው። ፊልቢ እጅግ ተናደደ፤ ነገር ግን በ1932 በግመል ተነሥቶ ከቶማስ መንገድ የበለጠ አስቸጋሪ የሆነውን መንገድ ያዘ። በዚህ ጉዞ ላይ፣ በባህል እንደሚነገረው ከሰማይ በወረደ እሳት የጠፋችውን ዋባር የተባለች ከተማ ይፈልግ ነበር። ባሕር የመሰለውን አሸዋ አቋርጦ ቦታው ሲደርስ ያገኘው ከተማ ሳይሆን ትልልቅ ጉድጓዶች፣ ጥቁር የቀለጠ ጠጠርና የብረት ቁራጭ ነበር። እሳተ ገሞራ ነው ብሎ ገመተ። ቦታውን በጥንቃቄ መዝግቦ ናሙናውን ወደ ለንደን ላከ። በዚያ የብሪቲሽ ሙዚየም ሊቃውንት መርምረው ጉድጓዶቹ ከሰማይ የወደቀ የብረት ድንጋይ የፈጠራቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሁለት ቶን ያህል የሚመዝን የዚሁ ብረት ቁራጭ ተገኝቶ ወደ ሪያድ መጥቷል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ፊልቢ በግምቱ ተሳስቷል፤ በመዝገቡ ግን አልተሳሳተም። የለካውንና ያየውን እንዳለ ስለ ጻፈ፣ ናሙናውንም ስላልደበቀ፣ ሌላው ሰው ግምቱን ሊያርም ቻለ። መለኪያ የሚጠቅመው ንባቡ ለሌላ ሰው ምርመራ ሲቀርብ ነው። ንባቡን በልቡ ይዞ የሚቀር ሰው መለኪያ ባይኖረውም ያው ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ፊልቢ በ1936 ከነጅራን በስተ ደቡብ በመኪና ዘልቆ ወደ ሻብዋና ወደ ሐድራሞት ከዚያም እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር እስከ ሙከላ ድረስ ሄደ። ያን ጊዜ የነበሩት መኪናዎች ዛሬ የምናያቸው ዓይነት መለኪያዎች አልነበሯቸውም። ርቀቱን ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው፣ ከፍታውን ከአኔሮይዱ፣ አቅጣጫውን ከኮምፓሱ መመዝገብ የሾፌሩ ሳይሆን የመንገደኛው ፋንታ ነበር። የመኪናውን ማዘንበል የሚለካው ደግሞ የሾፌሩ ወገብ ብቻ ነበር።

ወገብ ግን ያታልላል። ሰው ለረጅም ጊዜ በተንጋደደ መሬት ላይ ሲሄድ ሰውነቱ ይለምደውና ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ይመስለዋል። ስለዚህ የማዘንበል መለኪያውን ጥቅም በቁጥር እንመልከተው። የአንድ መኪና የግራና የቀኝ ጎማዎች ርቀት 150 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግማሹ 75 ነው። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን መኪናው ቆሞ ሳለ የሚገለበጠው 45 ዲግሪ ሲያዘም ነው። በፖርቶመጋላው ላይ ውሃ፣ ነዳጅና ትርፍ ጎማ ጭነን የክብደቱ ማዕከል ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ግን 40 ዲግሪ ሲደርስ ይገለበጣል። በ30 ዲግሪ ጎን ለጎን እየሄድን ሳለ የላይኛው ጎማ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ላይ ቢወጣ ወደ አሥር ዲግሪ ይጨመራል። በዚያች ቅጽበት ልኩ ሞላ ማለት ነው። ታችኛው ጎማ በአሸዋው ቢሰምጥ ወይም ሾፌሩ መሪውን ወደ ላይ በድንገት ቢያዞር ከዚህም ባነሰ ዲግሪ ይወድቃል።

ስለዚህ መለኪያው 45 እስኪል የሚጠብቅ ሰው መለኪያውን አላወቀውም። የመለኪያው ጥቅም የመጨረሻውን ልክ ማሳየት ሳይሆን ከልኩ በፊት ምን ያህል እንደ ቀረን ማሳሰብ ነው። ነፋስ ባልነፈሰበት ወገን ያለው የአሸዋ ክምር ፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይደርሳል፤ ደረቅ አሸዋ ከዚህ በላይ ቢቆለል ራሱ ይናዳል። እንዲህ ያለውን ፊት ቀጥ ብለው ይወርዱታል እንጂ በጎን አያቋርጡትም። ይህን የሚያውቅ ሾፌር መርፌውን የሚያየው ከመግባቱ በፊት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሳለ ግን ዓይኑን ከመንገዱ ማንሣት የለበትም። ያን ጊዜ ቁጥሩን አንብቦ መናገር ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ሥራ ነው።

የከፍታ መለኪያውም እንዲሁ ጠባዩን ማወቅ ይፈልጋል። አኔሮይድ የሚለካው ግፊትን እንጂ ከፍታን አይደለም። ከባሕር ወለል አጠገብ ስምንት ሜትር ያህል በወጣን ቁጥር ግፊቱ በአንድ ሚሊባር ይቀንሳል። አየሩ ተለዋውጦ ግፊቱ በአምስት ሚሊባር ቢወርድ የቆመ መኪና አርባ ሜትር ያህል የወጣ ይመስላል። ስለዚህ ከፍታው በታወቀ ቦታ ላይ መርፌውን ደጋግሞ ማስተካከል ግዴታ ነው። ዛሬ ከሳተላይት በስልክ የሚገኘው ከፍታም ቢሆን ከአቅጣጫና ከቦታ ንባቡ ይልቅ የሚስተው የከፍታው ንባብ ነው፤ እርሱንም ማመሳከር ይገባል።

ይህ ሁሉ ለሽርሽር ብቻ ከሆነ ባልጻፍነውም ነበር። ትምህርታችንን ጨርሰን ስንመለስ የሚጠብቀን አገር በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ያን ያህል የሚያወጣ የዓባይ በረሃ፣ በደባርቅ በኩል የሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ በሸዋ የጣርማ በር ዳገት ያለበት አገር ነው። በአፋር ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱን ያጣል፤ ካርቡራቶር ያለውም ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያጨሳል። ከቆላ የተነሣ ሾፌር ከፍታውን ቢያውቅ ሞተሩ ተበላሽቷል ብሎ አይፈታታውም። ወደ ዓባይ የሚወርደውም ስንት ሜትር እንደ ቀረው ቢያውቅ ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፣ ፍሬኑንም አያቃጥልም። በሽተኛ የሚያመላልስ፣ የእርዳታ እህል የሚያደርስ ወይም መንገድ የሚቀይስ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

ደግሞም አገርን የለካ ሰው ስለ አገሩ የሚናገረው ቃል ይደመጣል። የኢትዮጵያን ደጋ ቀድመው በሰፊው ከለኩት አንዱ አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን ከ1838 እስከ 1848 ገደማ በአገራችን ተመላልሶ የብዙ ተራሮችን ቦታና ከፍታ መዝግቧል። ለዚህ ድካሙ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን የገዛ ተራራችንን ቁመት ከሌላ ሰው መጽሐፍ መማራችን ሊያሳስበን ይገባል።

በዐረብ ምድርም የሆነው ይኸው ነው። ፊልቢ አገሩን ማወቁ ለንጉሡ ጠቅሟል፤ ለውጭ ኩባንያም ጠቅሟል። በ1933 ስለ ነዳጅ ዘይት ውል ድርድር ሲደረግ የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ በድብቅ ደመወዝ ይከፍለው ነበር፤ ተወዳዳሪው ኩባንያ ግን የእኔ ወዳጅ ነው ብሎ ያምነው ነበር። ውሉ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለአሜሪካኖቹ ተፈረመ፤ በ1938 ደማም ላይ ነዳጁ በብዛት ፈለቀ። የእያንዳንዱን ኮረብታ ማዘንበል ሲመዘግብ የኖረው ሰው የራሱን ማዘንበል በደብተሩ አልጻፈም። እዚህ ላይ ነው ፊልቢን ከማድነቅ የምንቆጠበው።

ከገዛ መንግሥቱ ጋርም አልተስማማም። በ1940 የእንግሊዝ መንግሥት በጦርነቱ ላይ በነበረው አቋም ምክንያት በቦምቤይ አስሮት ለወራት በእንግሊዝ አገር ታሰረ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሶ ሪያድ ተቀመጠ፤ ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላም ጉዞውን አላቆመም። ከ1951 እስከ 1952 ከቤልጂጎቹ ሊቃውንት ከሪክማንስ ቤተሰብና ከሊፔንስ ጋር ከጅዳ ተነሥቶ በዐሲርና በነጅራን ዞሮ በመኪና ሪያድ ገባ። በዚህ ጉዞ አሥራ ሁለት ሺሕ ያህል የድንጋይ ጽሑፎች ተሰብስበዋል።

ከነዚህ መካከል አንዳንዶቹ እኛን በቀጥታ ይመለከቱናል። በነጅራን አጠገብ በሒማ የተገኙት፣ የሒምያሩ ንጉሥ የዩሱፍ ሠራዊት በ523 ዓ.ም. ገደማ ያስጻፋቸው ሲሆኑ፣ በሐበሾች ላይ ስለ ተደረገው ጦርነትና ስለ ነጅራን መከበብ ይናገራሉ። ንጉሣችን ካሌብ ባሕር የተሻገረው ከዚህ በኋላ ነው። በሙረይጋን የተገኘው ደግሞ የመን ላይ የነገሠው የአክሱሙ የጦር አለቃ አብርሃ በ552 ዓ.ም. ያስቀረጸው ነው። የጽሑፉ ፊደል ከግዕዝ ፊደላችን ጋር የአንድ አባት ልጅ ነው። እነዚህ ድንጋዮች የሚገኙበት ቦታ በካርታ ላይ የገባው ርቀትና ከፍታ እየመዘገበ ያለፈ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1953 ካረፉ በኋላ ፊልቢ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያየውን ብክነት በይፋ ነቀፈ፤ በዚህም ምክንያት በ1955 ከአገር እንዲወጣ ተደረገና ቤይሩት ተቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት እንዲመለስ ተፈቅዶለታል። በመስከረም ወር 1960 በቤይሩት በ75 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው። ልጁ ኪም ፊልቢ ለሶቪየት ኅብረት ይሰልል የነበረ መሆኑ የተገለጠው አባቱ ከሞተ በኋላ ነው፤ በ1963 ከቤይሩት ወደ ሞስኮ ኮበለለ።

እንግዲህ ክርክራችን ወዴት ደረሰ? መለኪያዎቹ ጌጥ ናቸው የሚሉት ወገኖቻችን በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ ለማያስተካክላቸውና ለማያነባቸው ሰው ከጌጥ አያልፉም። ነፍስ ያድናሉ የሚሉትም ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን የሚያድነው መርፌው ሳይሆን ቁጥሩን ዐውቆ በጊዜው የሚመለሰው ሾፌር ነው። ወደ አሸዋው የምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች መርፌውን ከመነሣታችሁ በፊት በደልዳላ መሬት ላይ ዜሮ አድርጉ፤ ጭነቱን ከፖርቶመጋላው ወደ ውስጥ አውርዱ፤ ብቻችሁን አትውጡ። በምሕንድስና፣ በጂኦግራፊና በሥነ ምድር የምትማሩ ደግሞ በምትሄዱበት ሁሉ ደብተር ያዙ። ለአገር ቤት ዕረፍት ስትመለሱም የትውልድ ቀበሌያችሁን ዳገትና ቁልቁለት ለክታችሁ ጻፉ፤ የጻፋችሁትንም ለሚያርማችሁ ሰው አሳዩ።